ከኮምባይነሩ ኋላ

እኔ ኮምባይነርን የማውቀው ከጀርባው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከኋላው እየሄድኩ የጣለውን ለቅሜያለሁ፤ ሥራዬ ቃርሚያ ነው። የሚያሳፍር ሥራ አይደለም፣ ወገብ ግን ያጎብጣል። ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጄን ትንቢትን ያሳደግኳት ባለማሳው “ወደቀ” ብሎ በተወው ስንዴ ነው። ይህን የምለው ማንም እንዲያዝንልኝ አይደለም። ያንን ኑሮ ካላወቃችሁ፣ ባለፈው ታኅሣሥ ባዶ መሬት አይቼ ለምን እልል እንዳልኩ አይገባችሁም።

አሰላ ዙሪያ ኅዳር ሲገባ ኮምባይነሮቹ ይመጣሉ። እኛም ማዳበሪያችንንና ሰፌዳችንን ይዘን በጋሪ፣ ጋሪ ከጠፋም በእግራችን፣ በሳጉሬ መንገድ እንሄዳለን። ሥራችን ወግ አለው። አንደኛው ቆሎ ነው። ኮምባይነሩ ማሳ ከመግባቱ በፊት ለሾፌሩ ቆሎ እንሰጠዋለን። ከተቀበለ ተስማማ ማለት ነው፤ ጥጋጥጉን ይተውልናል። ማንም ይህን በአፉ አይናገረውም። ቆሎውን ቆርጥሞ ጥጉን ሙልጭ አድርጎ የሚያጭድ ሾፌር በዓመቱ ሲመለስ ሰላም የምትለው ሴት አያገኝም።

ሁለተኛው ጥሪ ነው። ኮምባይነሩ እንዳለፈ አንዷ ቀድማ ትገባለች፣ ሌሎቻችን ዳር ቆመን “ምን አለ?” እያልን እንጣራለን። ካለ “ኑ፣ ሞልቷል!” ትላለች። ከሌለ ዝም ብላ ትመለሳለች። ቀድሜ የምገባው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ዓይኔ መሬት ላይ አይሳሳትም፤ ድምፄ ደግሞ ጭላሎ ተራራ ጫፍ ይሰማል ትላለች ጓደኛዬ ሀሊሜ። ሀሊሜ ስታጋንን አይጣል ነው፣ እዚህ ላይ ግን ብዙም አልዋሸችም።

ትንቢት አሥረኛ ክፍል ስትደርስ ትምህርቷን ትታ አብራኝ መቃረም ጀመረች። ተዪው አላልኳትም፤ አትተዪም ብዬም አልተቆጣኋት፤ ያው ነው። ሁለት ዓመት ከጎኔ አጎንብሳ ስትለቅም ሳያት የእኔ ወገብ ለሁለታችንም ያመኝ ነበር። አምና ቀበሌው የድሃ ቤተሰብ ልጆችን ለሙያ ስልጠና ሲመለምል ስሟ ወጣ። ሮጬ ሄጄ ቤተክርስቲያን ሻማ አበራሁ።

“ምን መረጥሽ?” አልኳት ከምዝገባው ስትመለስ። ስፌት ወይም ፀጉር ሥራ ነው ብዬ ልቤ ሞልቶ ነበር።

“የእርሻ መሣሪያ ጥገና። ኮምባይነር።”

“ምን?”

“ኮምባይነር ነው የምልሽ፣ እማ።”

“አንቺ ልጅ፣ ከኋላው መሄዱ አልበቃ ብሎሽ አሁን ሆዱ ውስጥ ልትገቢ ነው?” ብዬ ጮህኩባት። ሰባት ቀን አኮረፍኳት። በስምንተኛው ቀን አዲስ ቱታ ለብሳ ብቅ ስትል ሱሪው ረዝሞባት መሬት ይጠርጋል። ያን ሳይ ኩርፊያዬን ረሳሁትና መርፌ አንስቼ አሳጠርኩላት።

አሠልጣኟ ኦቦ ከዲሮ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ኮምባይነር ሥር ተኝተው የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ጢማቸው ሸብቷል፣ ጥፍራቸው ውስጥ ያለው ግራሶ ግን ሽበት አያውቅም። ትንቢት ማታ ማታ የእሳቸውን ትምህርት ለእኔ ትደግምልኛለች። “እማ፣ ኮምባይነር ማለት ትልቅ ሰፌድ ነው” አለችኝ አንድ ቀን። “ይነቀንቃል፣ ከሥር ንፋስ ይነፋል። ገለባው በኋላ ይወጣል፣ ፍሬው ወደ ጎተራው ይገባል። ንፋሱ ከበዛ ፍሬውም ከገለባው ጋር ይሄዳል።” እኔ ሰፌድ አውቃለሁ። ማሽኑን ያን ቀን ትንሽ ወደድኩት።

ስልጠናው ሲያልቅ የብቃት ምዘና መጣ። ጋሽ ግዛቸው የሚባሉ የሁለት ኮምባይነር ባለቤት ትንቢትን ስትሠራ አይተዋት “ብቁ የሚል ወረቀት ይዛ ትምጣ፤ አጨዳው ሳያልቅ ሥራ ትጀምራለች” ብለው ነበር። ካላለፈች ማዳበሪያ ይዛ ወደ እኔ መመለሷ ነው። ሌላ መንገድ አልነበረንም።

ፈተናው ማሳ ላይ ነበር። አሠልጣኞች ኮምባይነሩን ሆን ብለው ያበላሹታል፤ ተፈታኟ ጥፋቱን ፈልጋ ታስተካክላለች፣ ሾፌሩ ጥቂት ያጭዳል፣ ከዚያ ከውጭ የመጣ መዛኝ የሽቦ ክፈፍ መሬት ላይ ጥሎ ውስጡ የወደቀውን ፍሬ ይቆጥራል። ኮምባይነር ባለበት ደግሞ እኛ አለን። እኔ፣ ሀሊሜና ሌሎች ስድስት ሴቶች ማዳበሪያችንን ታቅፈን ዳር ቆመናል።

ትንቢት በጠዋት ጨንቋት ቁርስ ሳትበላ ነው የወጣችው። ጾምም ስለነበር ቆሎ በመሀረብ ቋጥሬ ይዤላት ነበር። ኮምባይነሩ አጠገብ ሄጄ ሰጠኋት። ቆሎውን አየች። ቀና ብላ ከኋላዬ የቆሙትን ሴቶች አየች። ምንም ሳትል ተቀበለችኝ።

አሁን ውሸት ምን ያደርግልኛል? ቆሎው ለልጄ ቁርስ ነበር። ግን ስሰጣት የሀሊሜን ዓይን ጀርባዬ ላይ አውቄዋለሁ፤ በልቤም “ትንሽ ብትተውልን ምን አለበት” ብያለሁ። ግማሹ ቁርስ፣ ግማሹ ልማድ ነበር።

ትንቢት የላላውን ቺንጊያ ወጠረች፣ አንድ ቦታ ፈታች፣ ሌላ ቦታ አጠበቀች። ኮምባይነሩ ተነስቶ አጨደና ቆመ። መዛኙ ክፈፉን ከመኪናው ለማውጣት ዘወር ሲል እኔ እንደ ልማዴ ማሳው ውስጥ ነበርኩ። ገለባውን በእጄ ገለጥ አደረግኩ። ስንዴው ከሥሩ ቁልጭ ቁልጭ ይላል! እንዲህ ያለ ቃርሚያ ከስንት ዓመት ወዲህ አላየሁም።

“ምን አለ?” አለች ሀሊሜ ከዳር።

“ኑ!” አልኩ፣ ያንን ድምፄን ለቅቄ። “ኑ፣ ሞልቷል! ሞልቷል!”

መዛኙ ክፈፉን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመ። ኦቦ ከዲሮ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። ትንቢት መፍቻዋን እንደጨበጠች መሬት መሬት ታያለች። እኔ ያኔም አልገባኝም። ቁጭ ብዬ እለቅም ነበር።

ማዳበሪያዬን ሞልቼ፣ በጋሪ ጭኜ፣ እየዘፈንኩ ቤት ገባሁ። ትንቢት አልጋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

“ገና ብቁ አይደለሽም ተባልኩ” አለች ሳትዞር።

“ለምን? ምን አጠፋሽ?”

“ንፋሱን ከፍ አደረግኩት። በትክክል ካስተካከልኩት በኋላ።”

“ሆን ብለሽ?”

ተነስታ ቁጭ አለች። ዓይኗ አብጧል። “ቆሎ ሰጠሽኝ እኮ፣ እማ! ስምንት ሴቶች ቆመው ያዩኛል። ሀሊሜ ልጅ ሆኜ በጀርባዋ ተሸክማኝ ቃርማለች። ቆሎ ተቀብዬ እንዴት ባዶ መሬት ልተውላቸው? ትንሽ ነው ያልኩት። መዛኙ አያውቅም ብዬ ነበር።” ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። “አንቺ ደግሞ ጠራሽ።”

የጠራሁባት እኔ አበባ ነኝ፣ ዝም ማለት በማያውቀው አፌ። ማዳበሪያው በሩ ሥር ቆሟል፣ ጢም ብሎ። ልጄ የወደቀችበት ስንዴ ነው። አፉን በገመድ አሰርኩና አልጋ ሥር ገፋሁት፤ ይህ ነገር ካልተስተካከለ ከዚህ ፍሬ አንዲት አልቀምስም ብዬ ማልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ኦቦ ከዲሮ ጋ ሄድኩ። ትንቢት የሠለጠነችበት ኮሌጅ ግቢ ውስጥ አሮጌ ኩሽኔታ በናፍታ ያጥቡ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቆሎውንም፣ በልቤ ያልኩትንም። “ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሷን አይቅጡብኝ” አልኩ። እንባዬ መጣ፣ ተናደድኩበት።

ኦቦ ከዲሮ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። “ቆሎ! ያ ረቢ፣ ቆሎ! እኔ ራሴ ሠላሳ ዓመት ከሾፌሮቹ ጋር ያንን ቆሎ ስበላ ኖሬ እንዴት ሳይገባኝ ቀረ? ለመዛኙ ምን ልበለው አሁን?” ሳቃቸው ሲበርድ ግን ፊታቸው ጠና። “ስሚ፣ የትንቢት እናት። ሾፌር ቆሎ ቢበላ ጥግ ይተዋል። ጥግ ጥግ ነው፣ ባለማሳውም ያውቀዋል። መካኒክ ንፋስ ከፍ ካደረገች ግን የሰውየው የዓመት ልፋት ነው የሚበተነው። ሂን ታኡ። አይሆንም።”

“አይሆንም” አልኩ እኔም።

“የንፋሱን ነገር ትናንት ለእሷም ነግሬያታለሁ፣ ገብቷታል። መዛኙ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመለሳል፣ እንደገና ትፈተናለች። ዘንድሮ ግን ከዚያ ሌላ ዕድል የለም።” እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። “አንቺን ግን እቀጣሻለሁ።”

“ይቅጡኝ።”

“ሐሙስ ማሳ ላይ ትመጫለሽ። ልጆቹ ማሽኑን ያውቃሉ፣ መሬቱን አያውቁም። አንቺ ሃያ ዓመት መሬት ስታዪ ኖረሻል። ያየሽውን ትነግሪያቸዋለሽ።”

የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። ሐሙስ ግን የክት ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። አሥራ አንድ ሠልጣኞች ተሰልፈዋል፤ ትንቢት ከኋላ ቆማ ጫማዋን ታያለች። ኦቦ ከዲሮ ኮምባይነሩን እኔ ሳላይ አበላሹትና ጥቂት አሳጨዱ። “ግቢ” አሉኝ።

ገባሁ። ገለባ አነሳሁ፣ ሰፌዴ ላይ አደረግኩ፣ አንተረተርኩ። ዛላው ገና ፍሬውን እንደያዘ ነው።

“ይኼ በደንብ አልወቃም” አልኩ። “ሆዱ ላልቷል።”

“የመውቂያው ከበሮ!” አሉ ኦቦ ከዲሮ ለልጆቹ። “ጻፉ!”

ሁለተኛ አበላሹት። አሁን ፍሬው ለሁለት ለሁለት ተሰባብሯል። “ይኼ ደግሞ ከመጠን በላይ ይወቃል። እንዲህ ያለውን ለቅመን ወፍጮ ቤት ስንወስድ ባለወፍጮው ይቆጣናል።” ሦስተኛ ላይ መሬቱን ገና ሳየው አወቅኩት፤ ሙሉ፣ ጤነኛ፣ ወፍራም ፍሬ ከእብቁ ጋር ተበትኗል። ያችን ቀን መሰለኝ።

“ይኼ ንፋሱ በዝቶ ነው” አልኩ ቀስ ብዬ። “ለቃራሚ ደግ፣ ለባለማሳው ሌባ ነው።”

ቀና ስል ትንቢት ደብተሯን ከፍታ ያልኩትን ትጽፋለች። ፊደል ከቆጠርኩ ስንት ዘመኔ፣ የእኔ ቃል ደብተር ላይ ሲሰፍር አይቼ አላውቅም። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን መደበቅም አልቻልኩም።

ሦስት ሳምንቱ አላልፍ አለኝ። ለቁልቢው ገብርኤል ተሳልኩ። ሀሊሜም ለትንቢት ዱዓ አደረገች፤ ግን ነገሩ ለእሷም ቀላል እንዳልነበር አውቃለሁ። ባሏ ወገቡን ከተመታ ወዲህ ቤቷን የያዘችው በዚሁ ቃርሚያ ነው። “አንቺ፣ ልጅቷ ካለፈች ለእኛ ምን ሊወድቅልን ነው?” አለችኝ አንድ ቀን፣ ግማሽ ቀልድ ግማሽ እውነት።

የፈተናው ቀን ነፋሻ ነበር። ትንቢትን ቤት ውስጥ እንጀራ በሽሮ አጉርሼ፣ እስክትጨርስ ፊቷ ተቀምጬ ነው የለቀቅኳት። ማሳው ዳር ስንደርስ ሀሊሜ ወደ እጄ አየች።

“ቆሎ አልያዝሽም?”

“አልያዝኩም።”

ሀሊሜ ማዳበሪያዋን ከትከሻዋ አውርዳ አነጠፈችና ተቀመጠችበት። ሌሎቹም ተቀመጡ።

ትንቢት ሥራዋን ጀመረች። ከሩቅ የማየው እግሯን ብቻ ነው፤ ሌላው ገላዋ ማሽኑ ውስጥ ነው። ወጣች፣ መዘወሪያውን በእጇ አዞረች፣ ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች፣ ተመልሳ ገባች። አንዴ ቀና ብላ ወደ እኛ አየች። እጄን አላወዛወዝኩም፤ እንዲያውም ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩት። ኮምባይነሩ ተነሳ፣ አጨደ፣ ቆመ።

አልተነቃነቅኩም። ያን ያህል ዓመት ኮምባይነር ቆሞ እኔ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው።

መዛኙ ክፈፉን ይዞ መጣና አጠገባችን ቆም አለ። ወጣት ነው፣ ዓይኑ ይስቃል። “እናቴ፣ ባለፈው የእርስዎ ድምፅ ከእኔ ቆጠራ ቀድሞ ነበር” አለኝ። “እስቲ ዛሬም ይቅደሙ።”

ሰፌዴን አንስቼ ገባሁ። ከኋላዬ መዛኙ፣ ከእሱ ኋላ ኦቦ ከዲሮ ይከተላሉ። ገለባውን ገለጥኩ፤ አፈር ነው። ሌላ ቦታ ገለጥኩ፤ አፈር። አንድ እቅፍ አንስቼ ሰፌድ ላይ አንተረተርኩ፣ እፍ አልኩ። እብቁ በረረና ሰፌዱ ላይ አንዲት የተጨማደደች ፍሬ ቀረች፤ እሷም ብትዘራ አትበቅልም። አላመንኩም። ተንበርክኬ በጣቴ ጫርኩ። ከዚህ በፊት መሬት ባዶ ሲሆንብኝ እራት የሌለው ምሽት ይታየኝ ነበር። አሁን ግን ባዶው እየበዛ ሲሄድ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ እየተነሳ ሄደ።

“ምን አለ?” አለች ሀሊሜ ከዳር። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

ወጋችን ዝም ብሎ መመለስ ነው። እኔ ግን ተነሳሁና ሰፌዴን ወደ ሰማይ አነሳሁ።

“ምንም!” አልኩ። “ምንም የለም! ባዶ ነው! እልልልልል!”

ሾፌሩ ያበድኩ መስሎት ከላይ ወረደ። መዛኙ እየሳቀ ሦስት ቦታ ክፈፉን ጣለና ቆጠረ፤ በሦስቱም ከእኔ የተለየ ነገር አላገኘም። ወረቀቱ ላይ ጽፎ ለኦቦ ከዲሮ አሳያቸው። እሳቸውም ወደ ትንቢት ዞረው “ብቁ!” ብለው ጮኹ፣ ከእኔ ባልተናነሰ ድምፅ።

ትንቢት ሮጣ መጣች። “እውነትሽን ነው እማ? ምንም?”

“ምንም ልጄ። አንዲት የተጨማደደች ፍሬ፣ እሷንም ወፍ አትነካት።”

ግራሶ በግራሶ በሆነው ቱታዋ አቀፈችኝ። ነጠላዬ ተበላሸ፤ ይበላሽ። ሁለታችንም አለቀስን። ለቅሶው ግን እንደ ሸክም ማውረድ ነበር፤ ሲያልቅ ቀለል አለን።

ሀሊሜ ባዶ ማዳበሪያዋን አጣጥፋ መጣች። ትንቢትን ግራና ቀኝ ሳመቻት። “በገ ገመዴ፣ እንኳን ደስ አለሽ የእኔ ልጅ። እናትሽ ግን ጆሮዬን አደንቁራኛለች” አለች። ከዚያ መሬቱን ትክ ብላ አየች፤ ማዳበሪያዋን አየች። ወደ ኦቦ ከዲሮ ዞረች።

“ኦቦ፣ የእኔ ኢስራ ከአምና ጀምሮ ቤት ነው የተቀመጠችው። እጇ ግን ቀልጣፋ ነው። ቀጣዩ ምዝገባ መቼ ነው?”

“ጥር። ቀበሌ ስሟን አስመዝግቢና ይዘሻት ነይ።”

“ይዣት እመጣለሁ” አለች ሀሊሜ። “እንዲህ መሬቱን እየጠረጉ ካስለመዱንማ ምን እጠብቃለሁ?” ኦቦ ከዲሮ ሳቁ፣ እሷም ሳቀች።

ያን ቀን ባዶ እጄን ቤት ገባሁና አልጋ ሥር የነበረውን ማዳበሪያ ጎትቼ አወጣሁ። ገመዱን ፈታሁት። ግማሹን ለሀሊሜ ሰፍሬ በትንቢት እጅ ላክሁላት። ከቀረው ላይ ሁለት እፍኝ አንስቼ ቆላሁ።

ሰኞ ጠዋት የጋሽ ግዛቸው መኪና በራችን ላይ ጡሩንባ ነፋ። ትንቢት ወረቀቷን ደረት ኪሷ ከታ፣ የመፍቻ ሳጥኗን አንስታ ስትወጣ ቆሎውን በመሀረብ ቋጥሬ ሰጠኋት። ቆሎውን አየችው፣ እኔንም አየችኝ።

“ይኼ ምንድን ነው እማ?”

“ቁርስ ነው።”

“ቁርስ ብቻ?”

“ቁርስ ብቻ” አልኳት።

ስቃ ተቀበለችኝና፣ እየቆረጠመች መኪናው ላይ ወጣች።